ኤሌክትሮን መኖሩ አይበቃም



በዚህ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አዳራሽ እንድናገር ስጋበዝ ርእሱን የመምረጥ ዕድል አልተሰጠኝም። ጋባዦቼ ከሠልጣኞች ጥያቄ ሰብስበው፣ ከመካከሉ አንዱን መርጠው ላኩልኝ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሽቦው መብራት ያስተላልፋል፤ የሽቦው ልብስ አያስተላልፍም። ሁለቱም ከአቶም የተሠሩ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ?» ጠያቂውን አመሰግናለሁ። በአንድ መስመር ጥያቄ የሁለት መቶ ዓመት ፊዚክስ ሊያናግረኝ ነው።

ብዙዎቻችን ለዚህ የምንሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «መዳብ ኤሌክትሮን አለው፣ ፕላስቲክ የለውም» እንላለን። እስቲ እንቁጠረው። አንድ ግራም መዳብና አንድ ግራም ፒቪሲ፣ ማለትም የሽቦ ልብስ የሚሠራበትን ፕላስቲክ እንውሰድ። በኤሌክትሮን ብዛት የሚበልጠው የትኛው ይመስላችኋል? ፕላስቲኩ ነው፤ ያውም ከአሥር በመቶ በላይ። ኤሌክትሮንማ ሞልቶታል። ሆኖም ያንን ፕላስቲክ በእጃችን ይዘን፣ በውስጡ 220 ቮልት እያለ፣ ምንም ሳንሆን እንሠራለን።

ስለዚህ የዛሬውን ንግግር ፍሬ ነገር ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ ደጋግሜም እመለስበታለሁ። ኤሌክትሮን መኖሩ አይበቃም፤ መንቀሳቀሻ ያስፈልገዋል። መንቀሳቀሻውን የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው ደግሞ አንዱ አቶም ብቻውን ሳይሆን፣ አቶሞቹ እርስ በርስ የተጎራበቱበት መንገድ ነው።

ነገሬን በአምስት ከፍዬ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ አቶምን ብቻውን እናያለን። ቀጥለን አቶሞችን እናጎራብታለን። በሦስተኛ ደረጃ ወደ ብረታ ብረት፣ ማለትም ወደ ሽቦና ወደ ምጣድ እንወርዳለን። በአራተኛ ስለ ሲሊኮን እናወራለን። በመጨረሻ ስለ ጨው፣ ስለ ውሃና ስለ ሰው ገላ እነግራችኋለሁ፤ ይኼኛው የሕይወት ጉዳይ ነውና አደራ፣ ማንም ቀድሞ እንዳይወጣ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ አቶም ብቻውን

ጥያቄው ከአቶም ዕውቀት ይቀድማል። በ1729 ስቲቨን ግሬይ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሙያው ጨርቅ ማቅለም የነበረ ሰው፣ በመፋተግ ያገኘውን ኤሌክትሪክ በረጅም ሲባጎ ወደ ሩቅ ለመላክ ይሞክር ነበር። ሲባጎውን አግድም ያንጠለጠለው በቀጫጭን የሐር ክር ነበር፤ ሙከራውም ሠራለት። ክሩ ክብደቱን አልችል ብሎ ሲበጠስ፣ እሱና ባልደረባው በቦታው የነሐስ ሽቦ ተኩ። ሽቦው ቀጭን ነው፣ ጠንካራም ነው። ግን ኤሌክትሪኩ ጫፍ ላይ አልደርስ አለ፤ በነሐሱ በኩል ወደ ቤቱ ወራጅ እየፈሰሰ ጠፋ። ግሬይ የደረሰበት ነገር ቀላል ይመስላል፤ ወሳኙ የክሩ ውፍረት ሳይሆን የተሠራበት ቁስ ነው። ቁሶችን በአስተላላፊና በማያስተላልፍ መክፈል የተጀመረው ያኔ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን ግሬይም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት ለረጅም ዘመን ሊመልሱት አልቻሉም፤ አቶምን ከፍቶ ያየ አልነበረምና።

መክፈቱ የተጀመረው በ1897 ነው። ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን አገኘ፤ ከአቶም የሚያንስ፣ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ቅንጣት መኖሩን አሳየ። በ1911 ኧርነስት ራዘርፎርድ፣ ባልደረቦቹ በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ካደረጉት ሙከራ ተነስቶ፣ የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል በመካከሉ ባለች እጅግ ትንሽ አስኳል ውስጥ እንደተሰበሰበ አስረዳ። በ1913 ኒልስ ቦር ኤሌክትሮኖች ባገኙበት ሳይሆን በተወሰኑ የኃይል ደረጃዎች ብቻ እንደሚገኙ ሐሳብ አቀረበ።

ዛሬ በየክፍሉ የምናስተምረው ሥዕል ከዚህ የመጣ ነው። መካከል ላይ አስኳል አለ፤ በውስጡ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ፕሮቶኖችና ቻርጅ የሌላቸው ኒውትሮኖች አሉ። በዙሪያው ኤሌክትሮኖች በየሼላቸው ይገኛሉ። ቁጥራቸው ከፕሮቶኖቹ እኩል ስለሆነ አቶሙ በጠቅላላው ገለልተኛ ነው። አስኳሉ ከአቶሙ ስፋት በአሥር ሺዎች እጥፍ ያንሳል።

መዳብን እንውሰድ። 29 ፕሮቶን፣ 29 ኤሌክትሮን አለው። ኤሌክትሮኖቹ በየሼሉ ሲደለደሉ 2፣ 8፣ 18፣ 1 ይሆናሉ። ውጨኛው ሼል ላይ ያለው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው። ብር 47 ኤሌክትሮን አለው፤ የመጨረሻው ሼል ላይ አንድ። ወርቅ 79 አለው፤ የመጨረሻው ሼል ላይ አንድ። ሦስቱም ከምናውቃቸው አስተላላፊዎች ሁሉ ግንባር ቀደም ናቸው።

ከዚህ ተነስቶ ሁላችሁም በትምህርት ቤት የተማራችሁት ሕግ ወጣ፤ «ውጨኛው ሼል ላይ ያለው ኤሌክትሮን ባነሰ ቁጥር፣ የተያዘውም በላላ ቁጥር፣ ቁሱ የተሻለ ያስተላልፋል።» ይህን ሕግ አልጥለውም፤ ለመጀመሪያ እርምጃ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ፈተና ልስጠው።

የመጀመሪያው ፈተና ይኸውና። ሶዲየም ውጨኛው ሼል ላይ አንድ ኤሌክትሮን አለው። ሲዝየምም አንድ አለው፤ እንዲያውም ከሁሉ ላልቶ የተያዘ ኤሌክትሮን ያለው እሱ ነው። አሉሚኒየም ግን ሦስት አለው። በሕጉ መሠረት ሁለቱ አሉሚኒየምን መብለጥ ነበረባቸው። በተግባር አሉሚኒየም ከሁለቱም የተሻለ ያስተላልፋል፤ ሲዝየምንማ ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል።

ሁለተኛው ፈተና ይበልጥ ይከብዳል። ብቻውን ካለ አንድ የመዳብ አቶም ውጨኛውን ኤሌክትሮን ለመንቀል 7.7 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ከሲሊኮን አቶም ለመንቀል ደግሞ 8.2 ገደማ። ልዩነቱ ኢምንት ነው። በዚህ ክፍል ሙቀት አንድ ቅንጣት በአማካይ የሚያገኘው ኃይል ግን የአንድ ኤሌክትሮን ቮልት አርባኛ እጅ ገደማ ነው። እንግዲህ ብቻውን ያለ የመዳብ አቶም ኤሌክትሮኑን ጠበቅ አድርጎ ይዟል፤ አይለቅም። ታዲያ በሽቦ ውስጥ ሲሆን ለምን ለቀቀው? መልሱ አቶሙ ውስጥ የለም። ጎረቤቱ ዘንድ ነው።

ሁለተኛ፦ አቶሞች ሲጎራበቱ

አሁን አቶሞቹን እናቀራርባቸው። በመዳብ ውስጥ አቶሞች ተራ ጠብቀው፣ ተጠጋግተው ተደርድረዋል። የአንዱ ውጨኛ ሼል ከጎረቤቱ ጋር ይደራረባል። ያኔ የውጨኛው ኤሌክትሮን ባለቤት የትኛው አቶም እንደሆነ መለየት ያበቃል፤ የሁሉም የጋራ ይሆናል። አቶሙ ብቻውን ሳለ የነበረው አንድ የኃይል ደረጃም ይባዛል። 1,000 አቶሞች ሲጎራበቱ በጣም የተቀራረቡ 1,000 ደረጃዎች ይወጣሉ። በአንዲት ኪዩቢክ ሴንቲሜትር መዳብ ውስጥ 85 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል አቶሞች አሉ፤ ስለዚህ ደረጃዎቹ ተጠጋግተው እንደ አንድ ወጥ ይሆናሉ። ይህን የደረጃዎች ጥርቅም የፊዚክስ ሰዎች ባንድ ይሉታል። በ1928 ፊሊክስ ብሎክ የተባለ ወጣት የስዊዘርላንድ ተወላጅ ኤሌክትሮን በተደረደሩ አቶሞች መካከል እንዴት እንደሚያልፍ አሳየ፤ በ1931 እንግሊዛዊው አላን ዊልሰን ብረታ ብረት፣ ከፊል አስተላላፊና የማያስተላልፍ የሚለያዩት በባንዶቻቸው አሞላል እንደሆነ አስረዳ። የግሬይ ጥያቄ የተመለሰው በ202 ዓመቱ ነው።

ይህን የባንድ ነገር ለማየት ሩቅ አንሂድ፤ እናንተ የተቀመጣችሁበት አዳራሽ ይበቃናል። የምድሩ ወንበር ሁሉ በሰው ተይዟል እንበል። ከላይ ደግሞ ባዶ ሰገነት አለ። አሁን እኔ «ሁላችሁም አንድ አንድ ወንበር ወደ ቀኝ ጠጋ በሉ» ብዬ ባዝ ማን ይንቀሳቀሳል? ማንም። ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ባዶ ወንበር ስለሌለ ነው። ሁለት ሰዎች ቦታ ቢለዋወጡም አንዱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሌላው ወደ ግራ ስለሚመጣ፣ በጠቅላላው ሲታይ ወደ ቀኝ የሄደ የለም። ፕላስቲክ፣ ብርጭቆና አልማዝ እንዲህ ናቸው። ምድሩ ሙሉ ነው፤ ሰገነቱ ባዶ ነው፤ ወደ ሰገነቱ የሚያወጣው ደረጃ ግን እጅግ ረጅም ነው። አልማዝ ላይ የደረጃው ርዝመት 5.5 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው፤ በክፍል ሙቀት የሚወጣው የለም።

መዳብ ግን ግማሹ ወንበር ባዶ የሆነ አዳራሽ ነው። እያንዳንዱ የኃይል ደረጃ ሁለት ኤሌክትሮን ይይዛል፤ እያንዳንዱ የመዳብ አቶም ለውጨኛው ባንድ ያዋጣው ግን አንድ ብቻ ነው። ትንሽ ስትገፉት ሁሉም ይንቀሳቀሳል። ማግኒዥየም ሁለት ሁለት ስለሚያዋጣ መሙላት ነበረበት፤ ሆኖም በእሱ ዘንድ ሰገነቱ ዝቅ ብሎ ከምድሩ ጋር ስለተጋጠመ ደረጃ መውጣት ሳያስፈልግ መንቀሳቀሻ ይገኛል። ስለዚህ ማግኒዥየምም ያስተላልፋል።

አሁን የትምህርት ቤቱ ሕግ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ታያላችሁ። ካርቦን፣ ሲሊኮን፣ ቲንና ሊድ ሁሉም ውጨኛው ሼላቸው ላይ አራት አራት ኤሌክትሮን አላቸው። ካርቦን በአልማዝ መልክ አያስተላልፍም። ሲሊኮን ከፊል አስተላላፊ ነው። ቲንና ሊድ፣ ሬዲዮ ጠጋኞች ለብየዳ የሚያቀልጧቸው፣ ደህና አስተላላፊ ብረቶች ናቸው። ቁጥሩ አንድ፣ ጠባዩ ሦስት ዓይነት።

ሌላም አለ፤ ያው አንድ ካርቦን። ልጅ ሳለን ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ መካከሉ ላይ ያለችውን ጥቁር ዘንግ ያላወጣ በዚህ አዳራሽ የለም። ዘንጓ ካርቦን ናት፤ ከባትሪው ውስጥ ከረንት የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። የእርሳስ ቀለም ውስጥ ያለው ግራፋይትም ካርቦን ነው፤ ያስተላልፋል። አልማዝም ካርቦን ነው፤ አያስተላልፍም። የሁሉም አቶም ስድስት ፕሮቶንና ስድስት ኤሌክትሮን አለው። በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም አራቱን ኤሌክትሮኖች ከአራት ጎረቤቶች ጋር አስሯል። በግራፋይት ውስጥ ሦስቱን ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ያስርና አራተኛውን በንጣፉ ላይ ልቅ ይተወዋል። አቶሙ አልተለወጠም፤ ጉርብትናው ነው የተለወጠው። ኤሌክትሮን መኖሩ አይበቃም፤ መንቀሳቀሻ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፦ ሽቦና ምጣድ

ወደ እጃችሁ ሥራ እንምጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስናበራ በሽቦው ውስጥ ምን ይሆናል? አንድ የእንጀራ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ቢወስድ፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ያ ከረንት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ፊት የሚንሸራተቱት በምን ፍጥነት ይመስላችኋል? በሰከንድ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው። ያለማቋረጥ በአንድ አቅጣጫ ቢሄዱ እንኳ አንድ ሜትር ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ያልፋቸዋል።

በእኛ ቤት ደግሞ በአንድ አቅጣጫም አይሄዱም። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫ ይለውጣል። ኤሌክትሮኖቹ የሚሊሜትር ጥቂት ሺሕኛ በምታህል ርቀት ወዲያና ወዲህ ይላሉ እንጂ የትም አይደርሱም። ስለዚህ ከህዳሴ ግድብ ተነስቶ እንጀራ የሚጋግርልን ኤሌክትሮን የለም። መንገድ ላይ ባሉት ትራንስፎርመሮች ውስጥማ አንዱ ጥቅል ከሌላው ጋር በሽቦ እንኳ አልተገናኘም። ከግድቡ የሚመጣው ግፊቱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መስኩና የተሸከመው ኃይል ነው፤ እሱ ለብርሃን በሚቀርብ ፍጥነት ይደርሳል። ኤሌክትሮኖቹ ግን ከመጀመሪያውም የቤታችሁ ሽቦ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ማብሪያውን ስትጫኑ አምፖሉ ወዲያው የሚበራውም ለዚህ ነው፤ ከሩቅ የሚጠበቅ የለም፣ በመንገዱ ሁሉ ያሉት በአንድ ጊዜ ይገፋሉ።

እሺ፣ መንቀሳቀሻ ካላቸው የሚያግዳቸው ምንድን ነው? ቀድሞ ኤሌክትሮኑ ከየአቶሙ ጋር እየተጋጨ የሚሄድ ይመስል ነበር። ብሎክ ያሳየው ሌላ ነው። አቶሞቹ ፍጹም በሥርዓት ከተደረደሩና ካልተንቀጠቀጡ ኤሌክትሮኑ ሳይደናቀፍ ያልፋል። የሚያደናቅፈው የሥርዓቱ መዛባት ነው። መዛባቱ ከሁለት ነገር ይመጣል፤ ከሙቀት መንቀጥቀጥና ከባዕድ አቶም መግባት።

ሙቀቱን ተመልከቱ። የመዳብ ሽቦ በ10 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ 4 በመቶ ያህል ይጨምራል። የድሮው ባለ ክር አምፖል ሲበራ ያለው ሬዚስታንስ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ካለው አሥር እጥፍ ገደማ ነው። እነዚህ አምፖሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠሉት ልክ ሲበሩ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ክሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ብዙ ከረንት ይስባል።

የባዕድ አቶም ምሳሌው ምጣዱ ራሱ ነው። ሸክላው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ኒክሮም ይባላል፤ ኒኬልና ክሮሚየም የተቀላቀሉበት ነው። ሁለቱ አቶሞች ያለ ተራ ስለተደባለቁ ኤሌክትሮኑ በየእርምጃው ይደናቀፋል። ሬዚስታንሱ ተመሳሳይ ውፍረትና ርዝመት ካለው መዳብ ከ60 እጥፍ በላይ ነው። በመዳቡም በኒክሮሙም የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው፤ ግን ሙቀቱ የሚወጣው መደናቀፉ ባለበት ነው። የምጣዱ ገመድ ሳይግል ምጣዱ የሚግለው ለዚህ ነው። ገመዱም ከጋለ ግን ችግር አለ ማለት ነው፤ ወይ ሽቦው ቀጥኗል፣ ወይ አንድ ቦታ ላይ ማያያዣው ላልቷል።

በትልልቅ የማስተላለፊያ ምሰሶዎች ላይ ለምን መዳብ ሳይሆን አሉሚኒየም እንደተዘረጋም ብዙዎች ይጠይቃሉ። ብር ከሁሉ ይበልጣል፤ መዳብ ለጥቂት ይከተለዋል፤ ቀጥሎ ወርቅ፣ ከዚያ አሉሚኒየም። የአሉሚኒየም ሬዚስታንስ ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። ክብደቱ ግን የመዳብ ሲሶ ያህል ነው። ስለዚህ በኪሎ ከተሰላ አሉሚኒየም የመዳብን ሁለት እጥፍ ያስተላልፋል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ እንደሚደርሰው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚረዝም ያለ መስመር ሲዘረጋ፣ ምሰሶው የሚሸከመው ክብደት ከባድ ሒሳብ ነው። መካከሉ ላይ ብረት ይደረግና ጥንካሬውን ይሰጠዋል፤ ዙሪያውን ያለው አሉሚኒየም ከረንቱን ይይዛል።

ሠልጣኞች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። አሉሚኒየም አየር ሲያገኘው ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ያበጃል። ያ ቆዳ አያስተላልፍም። ኦክስጅኑ የአሉሚኒየሙን ሦስት ውጨኛ ኤሌክትሮኖች ወስዶ አስሯቸዋልና መንቀሳቀሻ የላቸውም። የአሉሚኒየም ሽቦን ከመዳብ ሽቦ ጋር በፒንሳ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ መተው አደገኛ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መጋጠሚያው ላይ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ይግላል፣ ሲግል ይላላል፣ ሲላላ የበለጠ ይግላል። ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ ማያያዣ መጠቀም ግዴታ ነው።

የምጣዱ ሸክላ ራሱስ ምንድን ነው? በዋናነት አሉሚኒየም፣ ሲሊኮንና ኦክስጅን ነው። እስቲ አስቡት! የከፍተኛ ኃይል መስመር የሚዘረጋበት አሉሚኒየምና የስልካችሁ ቺፕ የሚሠራበት ሲሊኮን፣ ሁለቱም ከኦክስጅን ጋር ሲታሰሩ ከረንት የማያሳልፍ ሸክላ ይሆናሉ። በምሰሶ ላይ ያለው ስኒም ከዚሁ ወገን ነው። አቶሞቹ እነዚያው ናቸው፤ የኤሌክትሮኖቻቸው መንቀሳቀሻ ግን ተዘግቷል።

አራተኛ፦ ሲሊኮን

ወደ አዳራሻችን እንመለስ። ሲሊኮን ምድሩ ሙሉ፣ ሰገነቱ ባዶ የሆነ አዳራሽ ነው፤ እንደ አልማዝ። ልዩነቱ የደረጃው ርዝመት ነው፤ የሲሊኮን 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። በክፍል ሙቀት አልፎ አልፎ አንዳንዱ ኤሌክትሮን ዕድል ቀንቶት ይወጣል። ምን ያህሉ? ከአምስት ሺህ ቢሊዮን አቶሞች ለአንዱ ያህል ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ዜሮ አይደለም። ደግሞ አንዱ ወደ ሰገነት ሲወጣ ምድር ላይ አንድ ባዶ ወንበር ይተዋል። ጎረቤቱ ወደዚያ ይጠጋል፣ የእሱም ቦታ ባዶ ይሆናል፣ ሌላው ይጠጋል፤ ባዶው ቦታ ራሱ በአዳራሹ ውስጥ የሚጓዝ ይመስላል። ይህ ተጓዥ ባዶነት ሆል ይባላል፤ ፖዘቲቭ ቻርጅ እንዳለው ቅንጣት ይሠራል።

ሲሊኮን ሲሞቅ ደረጃውን የሚወጡት ይበዛሉ፤ ስለዚህ ሲሞቅ የተሻለ ያስተላልፋል። ብረት ሲሞቅ ይብስበታል፣ ሲሊኮን ሲሞቅ ይሻለዋል። አስተላላፊነት አንድ ነጠላ ጠባይ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

አሁን የሰው እጅ ይግባበት። ንጹሕ ሲሊኮን ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን አቶም አንዱን አውጥተን በፎስፈረስ እንተካው። ፎስፈረስ ውጨኛው ሼል ላይ አምስት ኤሌክትሮን አለው። አራቱን ከጎረቤቶቹ ጋር ያስራል፤ አምስተኛው ወንበር ስላላገኘ ሰገነት ላይ ይቀመጣል፤ እዚያ እንደልቡ ነው። በሚሊዮን አንድ በመጨመር ብቻ ከረንት ተሸካሚው በሚሊዮኖች እጥፍ ይበዛል። በፎስፈረስ ፈንታ ቦሮን ብናስገባ ደግሞ ሦስት ብቻ ስላለው ምድር ላይ አንድ ባዶ ወንበር ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው ኤን፣ ሁለተኛው ፒ ይባላል። ሁለቱን ማገናኘት ዳዮድ ይሰጣል፤ ከረንት በአንድ አቅጣጫ ያሳልፋል፣ በሌላው ይከለክላል።

በታኅሣሥ 1947 ቤል ላብስ ውስጥ ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራቴን የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠሩ፤ ከዊልያም ሾክሊ ጋርም የ1956ን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ያኔ የተጠቀሙት ጀርመኒየምን ነበር፤ ሲሊኮን በኋላ ቦታውን ወሰደ። ዛሬ እያንዳንዳችሁ ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ውስጥ በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች አሉ። በየገጠሩ ጣሪያ ላይ የምታዩት የሶላር ሰሌዳም ያው ሲሊኮን ነው። የፀሐይ ብርሃን ከ1.1 ኤሌክትሮን ቮልት የበለጠ ኃይል ይዞ ሲመጣ ኤሌክትሮኑን ከምድር ወደ ሰገነት ያነሳዋል፤ የፒና የኤን መጋጠሚያው ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ስልክ ይሞላል፣ መብራት ይበራል።

አምስተኛ፦ ጨው፣ ውሃና የሰው ገላ

እስካሁን ስለ ኤሌክትሮን ብቻ አወራሁ። ከረንት የሚሸከም ሌላም አለ፤ የሚገድለንም ብዙ ጊዜ በእሱ በኩል ነው።

ከአፋር በግመል የሚወጣውን የአሞሌ ጨው አስቡ። ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ነው። ሶዲየም አንዷን ውጨኛ ኤሌክትሮን ለክሎሪን ሰጥቷል፤ ሁለቱም ቻርጅ ያላቸው አዮኖች ሆነዋል። ደረቅ አሞሌ ግን አያስተላልፍም። ኤሌክትሮኖቹ በየአዮኑ ታስረዋል፤ አዮኖቹም በቦታቸው ተቆልፈዋል። በጣም ንጹሕ ውሃም እንዲሁ አስተላላፊነቱ እጅግ ደካማ ነው። ሁለቱን ስትቀላቅሏቸው ግን ነገሩ ይለወጣል። ውሃው አዮኖቹን ፈትቶ ይለቃቸዋል፤ ሶዲየሙ ወደ ኔጌቲቭ፣ ክሎሪኑ ወደ ፖዘቲቭ ይጓዛል። እያንዳንዱ ብቻውን የማያስተላልፍ፣ ተደባልቀው አስተላላፊ ሆኑ። እዚህም ያው ቃል ነው፤ ቻርጁ መኖሩ አልበቃም፤ መንቀሳቀሻ ነበር የጎደለው።

ከዚህ የሚከተሉ አራት ነገሮችን ልቁጠርላችሁ።

አንድ፤ የቧንቧ፣ የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ንጹሕ አይደለም፤ ማዕድን አለበት። ስለዚህ ያስተላልፋል። «ውሃው ጨው የለውም» ብላችሁ አትመኑ።

ሁለት፤ ደማችንና ላባችን ጨዋማ ነው። የሚከላከልልን ቆዳችን ነው። ደረቅ ቆዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኦም፣ ከዚያም በላይ ሊኖረው ይችላል፤ እርጥብ ሲሆን ወደ 1,000 ኦም ገደማ ሊወርድ ይችላል። 220 ቮልትን ለ1,000 ኦም አካፍሉት፤ 0.22 አምፔር ነው። በደረት በኩል 0.1 አምፔር ያህል ቢያልፍ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ምጣዱ ከሚስበው 16 አምፔር ጋር ስታስተያዩት፣ ለሰው ምን ያህል ትንሽ ከረንት እንደሚበቃው ትረዳላችሁ።

ሦስት፤ እናቶችና እህቶች በተለይ ልብ በሉልኝ። የምጣዱ ሸክላ ሲሰነጠቅ ሊጡ በስንጥቁ ወደ ኒክሮሙ ይገባል። የቦካ ሊጥ አሲድ አለው፣ አዮን ሞልቶታል፤ ያስተላልፋል። ስንጥቅ ያለበት ምጣድ ተሰክቶ እያለ በእርጥብ እጅም ሆነ በእርጥብ ማሰሻ አይነካ። መጀመሪያ ከሶኬቱ ይነቀል።

አራት፤ ለባለሙያዎች። በበጋ በስኒዎቹ ላይ አቧራ ይጠራቀማል። ደረቅ ሳለ ብዙም አይጎዳም። የመጀመሪያው ካፊያ ሲወርድበት ግን በአቧራው ውስጥ ያለው ጨው ይሟሟል፣ በስኒው ፊት ላይ መንገድ ይከፈታል፣ ከረንቱ ይሾልካል። ዝናብ ሲጀምር መብራት የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይህንኑ ጠባይ ለበጎም እንጠቀምበታለን፤ አንዳንድ ባለሙያዎች የኧርዝ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ጨውና ከሰል የሚጨምሩት አፈሩ እርጥበትና አዮን እንዲያገኝ፣ የፈሰሰው ከረንትም ሰው ሳይነካ ወደ መሬት እንዲወርድ ነው።

ማጠቃለያ

ወገኖቼ፣ የጠያቂያችንን ጥያቄ እንመልስ። ሽቦውም ልብሱም ከአቶም የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ኤሌክትሮን ሞልቷቸዋል። በመዳቡ ውስጥ አቶሞቹ ውጨኛ ኤሌክትሮናቸውን የጋራ አድርገው ባንዱን በግማሽ ባዶ ትተዋል። በፒቪሲው ውስጥ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ከጎረቤት ጋር በተሠራ እስር ተይዟል፤ ባንዱ ሞልቷል፤ ወደ ላይኛው የሚያወጣው ደረጃም ረጅም ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ለሠልጣኞች የምተወው አንድ ልማድ አለ። አዲስ ቁስ እጃችሁ ሲገባ «ኤሌክትሮን አለው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሌለው የለም። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። በዚህ ቁስ ውስጥ መንቀሳቀስ የሚችለው ማነው፤ ኤሌክትሮን ነው ወይስ አዮን? መንገዱን የሚያዛባበት ምንድን ነው? ሁኔታው ሲለወጥ፣ ሲሞቅ፣ ሲረጥብ፣ ሲዝግ፣ መልሱ ይለወጣል ወይ? ብዙ አደጋ የሚመጣው ከሦስተኛው ጥያቄ መዘንጋት ነው፤ ደረቅ ሳለ የማያስተላልፍን ነገር ከረጠበ በኋላም አያስተላልፍም ብሎ ከማመን።

ነገ በወርክሾፑ ይህን ሞክሩ። ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ትንሽ ኤልኢዲና ከእሷ ጋር የምትገባ ሬዚስተር ውሰዱ። በወረዳው መካከል በየተራ የእርሳስ ግራፋይት፣ ደረቅ ጨው፣ ጨው የሟሟበት ውሃ፣ የሸክላ ስባሪ፣ ተፍቆ የጸዳ አሉሚኒየምና የዛገ ሚስማር አስገቡ። ከመሞከራችሁ በፊት የምትገምቱትን ጻፉ፤ ከዚያ ፈትሹ። ይህን ሙከራ ግን በባትሪ ብቻ፤ ከግድግዳው ሶኬት ጋር በፍጹም!

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ በተለይ የማልስማማበት አለኝ የሚል ይቅደም።